ጠገራ ብር፦ “1780” የሚል ዓመት የተቀረጸባት ማርያ ትሬዛ የትና መቼ እንደተሠራች እንዴት ይታወቃል?

ከጎንደር በመተማና በገላባት አድርጎ ወደ ገዳሪፍ በሚወስደው የጥንት የንግድ መስመር ግራና ቀኝ በሚኖሩ ቤተሰቦች ሳጥን ውስጥ፣ በሴቶች የአንገት ጌጥ ላይና በአንጥረኞች መደብር እስከ ዛሬ ድረስ የምትገኝ አንዲት ትልቅ የብር መሐለቅ አለች። ኢትዮጵያውያን ‘ጠገራ ብር’ ወይም ‘ማርትሬዛ’ ይሏታል። በዐረብኛ ተናጋሪዎች ዘንድ ደግሞ በላይዋ ካሉት ነጠብጣቦች የተነሳ ‘አቡ ኑቅጣ’፣ ከጀርባዋ ካለው ንስር የተነሳም ‘አቡ ጤር’ ተብላለች።

በእያንዳንዷ ጠገራ ብር ላይ የተጻፈው ዓመት አንድ ነው፦ 1780። ይህ ዓመት ግን መሐለቋ መቼ እንደተሠራች አይናገርም። በእጅ ያለችው ብር በ18ኛው ክፍለ ዘመን የተሠራች ልትሆን ትችላለች፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወቅት ቦምቤይ ውስጥ የታተመች ወይም ከጥቂት ዓመታት በፊት ከቪዬና የወጣች ልትሆንም ትችላለች።

ጉዳዩ የሰብሳቢዎች ብቻ አይደለም። እአአ ሚያዝያ 2023 በሱዳን ጦርነት ከተቀሰቀሰ ወዲህ በርካታ ተፈናቃዮች ወደ ገዳሪፍ ጎርፈዋል፤ ሌሎች ደግሞ በገላባት በኩል ድንበር ተሻግረው ኢትዮጵያ ገብተዋል። ከዚያ ቀደም ብሎ፣ እአአ ከ2020 መጨረሻ ጀምሮ፣ ከትግራይ የሸሹ ኢትዮጵያውያን በዚያው በገዳሪፍ ግዛት በሚገኙት የኡም ራኩባና የጡነይድባህ መጠለያዎች ሰፍረዋል። ቤቱን ጥሎ የሚሸሽ ሰው ይዞ ሊወጣ የሚችለው በእጁ የሚያዝ ሀብት ነው፤ ከዚያም ውስጥ የእናትና የአያት ብርና ወርቅ ይገኝበታል። የያዘውን የማያውቅ ሰው በችግር ጊዜ ሲሸጥ ሁለት አደጋ ይጠብቀዋል፦ እውነተኛውን ብር በርካሽ መስጠት፣ ወይም ተራውን ‘የ240 ዓመት ቅርስ ነው’ ተብሎ በውድ መግዛት። ከሁለቱም የሚያድነው በመሐለቋ ላይ ያሉትን ምልክቶች ማንበብ ነው።

ዓመቱ ለምን አልተለወጠም?

ማርያ ቴሬዚያ ከእአአ 1740 እስከ 1780 የኦስትሪያን ሀብስቡርግ ግዛቶች የገዛች ንግሥት ናት። መልኳ ያለባቸው ትልልቅ የብር ገንዘቦች እአአ ከ1741 ጀምሮ ሲታተሙ ቆይተው በሌቫንት ነጋዴዎች አማካይነት ወደ ግብፅ፣ ወደ ቀይ ባሕር ዳርቻዎች፣ ወደ የመንና ወደ ኢትዮጵያ ተዛመቱ። ንግሥቲቱ እአአ ኅዳር 29 ቀን 1780 ስታርፍ ልማዱ የተተኪውን ንጉሥ መልክ ማተም ነበር። በምሥራቅ የሚነግዱት ሰዎች ግን ደንበኞቻቸው የለመዱትን መልክ ብቻ እንደሚቀበሉ ያውቁ ነበርና፣ በዛሬዋ ደቡብ ጀርመን የሚገኘው የጉንዝቡርግ ማተሚያ ቤት የመጨረሻውን ዓመት ሳይነካ ማተሙን ቀጠለ።

የጉንዝቡርግ ከተማ እአአ በ1805 ወደ ባቫሪያ ከተላለፈች በኋላም ብሯ በሌሎች የሀብስቡርግ ከተሞች መታተሟ አልቀረም። እአአ በ1858 በኦስትሪያ ውስጥ ሕጋዊ መገበያያነቷ ሲያከትም እንኳ ለውጭ ንግድ ብቻ የምትታተም ገንዘብ ሆና ቆየች። በሌላ አነጋገር፣ ከተወለደችበት አገር ገበያ ወጥታ በቀይ ባሕር አካባቢ ነግሣለች። ከእአአ 1741 እስከ 2000 ባለው ጊዜ በጠቅላላው 389 ሚሊዮን ያህል ማርያ ትሬዛዎች እንደታተሙ ይገመታል።

ስለዚህ የመጀመሪያው ደንብ ቀላል ነው፦ “1780” የሚለው ቁጥር የዕድሜ ማስረጃ አይደለም። ዕድሜና የትውልድ ቦታ የሚለዩት ከቁጥሩ ውጭ ባሉት ጥቃቅን ምልክቶች ነው።

የገዳሪፍና የመተማ ነጋዴዎች ነጠብጣብ ሲቆጥሩ

ምልክት አንብቦ ገንዘብ መለየት ለዚህ አካባቢ ሰው አዲስ ነገር አይደለም። እንግሊዛዊው ተጓዥ ሳሙኤል ቤከር እአአ በ1861 እና በ1862 በአትባራ፣ በሰቲትና በገላባት አካባቢ ሲዘዋወር ያየውን በመጽሐፉ አስፍሯል። እንደ እሱ ገለጻ፣ በዚያ አገር የሚያልፈው ትልቅ ገንዘብ የማርያ ትሬዛ ብር ብቻ ነበር። ሰዎቹ ብሩን ከመቀበላቸው በፊት አገላብጠው ይመረምሩታል፤ በንግሥቲቱ የራስ ጌጥ ላይ ያለውን ኮከብ የሚሠሩትን ሰባት ነጠብጣቦች በግልጽ መቁጠር ካልቻሉ ይመልሱታል። የሚያብረቀርቅ አዲስ ብርም አይወስዱም ነበር፤ ብዙ እጅ ያለፈበትና ያደፈው ነበር የሚታመነው።

ይህ ለአውሮፓዊው እንግዳ ቢሆንበትም የራሱ ሎጂክ ነበረው። ባንክ፣ መመርመሪያ ቤተ ሙከራና ሐሰተኛ አታሚን የሚቀጣ መንግሥት በሌለበት ገበያ፣ ነጠብጣብ መቁጠር የጥራት ቁጥጥር ነው። ሐሰተኛ አታሚ መልኩንና ንስሩን በደምሳሳው ቢቀዳም ጥቃቅኖቹን ነጥቦች አጥርቶ ማውጣት ይሳነዋል። ከመጠን በላይ ያለቀች መሐለቅ ደግሞ ነጥቦቿ ከመጥፋታቸው ጋር ከክብደቷም ትቀንሳለች። ያደፈች ብርም ከእሱ በፊት ብዙ ሰዎች መርምረው የተቀበሏት ለመሆኗ ምስክር ናት።

ተመሳሳይ ልማድ በናይል ዳርም ነበር። እአአ በ1814 በሸንዲ ገበያ የነበረው ስዊዛዊው ተጓዥ ዮሐን ሉድቪግ ቡርክሃርት፣ ነጋዴዎች ከስፔን ብሮች መካከል የንጉሥ ቻርለስ 4ኛ ስም በአራት ቋሚ መስመሮች የተጻፈባቸውን እንደሚመርጡ ጽፏል። ሦስት መስመር ያለበት የቻርለስ 3ኛ ብር በዝቅተኛ ዋጋ ነበር የሚያልፈው። ፊደሉን ማንበብ የማይችል ሰው መስመሩን ይቆጥር ነበር።

መተማና ገላባት ደግሞ የሁለቱ ዓለሞች መገናኛ ነበሩ። ቡና፣ ማር፣ ሰም፣ በቅሎና ከብት ከኢትዮጵያ ደጋ ይወርዳል፤ ጨርቅና ሌላ ሸቀጥ ከሱዳን በኩል ይመጣል። በኢትዮጵያ ውስጥ ለአነስተኛ ግብይት አሞሌ ጨው ሲያገለግል፣ ድንበር የሚሻገረው ትልቅ ሒሳብ በጠገራ ብር ይወራረድ ነበር።

ምልክቶቹ የት የት ናቸው?

ጠገራ ብርን ለመመርመር ማጉያ መነጽር፣ እስከ መቶኛ ግራም የሚለይ ትንሽ ሚዛንና በቂ ብርሃን ይበቃል። ምርመራው በሦስት ቦታ ይከፈላል፦ ፊት፣ ጀርባና ጠርዝ።

በፊት በኩል ንግሥቲቱ ወደ ቀኝ ዞራ ትታያለች። ከራሷ ወደ ኋላ የሚወርደው መሸፈኛ ባሏ ቀዳማዊ ፍራንሲስ እአአ በ1765 ከሞተ በኋላ የመጣ የመበለትነት ምልክት ነው። በራሷ ላይ በሉል ያጌጠ አክሊል፣ በትከሻዋ ላይ ልብሷን የሚይዝ ጌጥ አለ። የትከሻው ጌጥ ዙሪያ የሉሎች ብዛትና አቀማመጥ ከመለያዎቹ ሁሉ ዋነኛው ነው። በዛሬው የቪዬና እትም ላይ ሉሎቹ ዘጠኝ ናቸው። በዙሪያዋ ያለው አሕጽሮት ጽሑፍ የላቲን ሲሆን፣ “ማርያ ቴሬዚያ፣ በእግዚአብሔር ጸጋ የሮማውያን ንግሥተ ነገሥት፣ የሐንጋሪና የቦሔሚያ ንግሥት” የሚል ትርጉም አለው።

ከደረቷ በታች ሁለት የላቲን ፊደላት ይገኛሉ፦ ‘ኤስ’ እና ‘ኤፍ’። እነዚህ በጉንዝቡርግ ማተሚያ ቤት ኃላፊ የነበሩት የቶቢያስ ሾብል እና የዮሴፍ ፋቢ ስሞች መጀመሪያ ፊደላት ናቸው። በዘመኑ ልማድ የማተሚያ ቤት ሹማምንት የመሐለቁን ጥራት በስማቸው ያረጋግጡ ነበር፤ ሌሎች የሀብስቡርግ ማተሚያ ቤቶች የየራሳቸውን ሹማምንት ፊደላት ያስቀርጹ ነበር። በንግሥቲቱ ዘመን መጨረሻ በቪዬና ከታተሙት ላይ ለምሳሌ ‘አይ፣ ሲ’ እና ‘ኤፍ፣ ኤ’ የሚሉት ይገኛሉ። ይሁን እንጂ ወደ ምሥራቅ የሄደውና ገበያው የለመደው የጉንዝቡርጉ ዓይነት ስለነበር፣ በኋላ በሌሎች ከተሞች የታተሙት ሁሉ የሾብልንና የፋቢን ፊደላት እንዳሉ ገልብጠዋል። በዚህም ምክንያት ‘ኤስ’ እና ‘ኤፍ’ መኖራቸው ብቻውን ብሩ ከጉንዝቡርግ የመጣ ለመሆኑ ማስረጃ አይሆንም። ከእነሱ የተለየ ፊደል የያዘ እውነተኛ ብር ግን የሰብሳቢን ዓይን የሚስብ ነውና በችኮላ መሸጥ አይገባም።

በጀርባ በኩል ሁለት ራስ ያለው የሀብስቡርግ ንስር ክንፉን ዘርግቶ፣ በደረቱ ላይ የግዛቶቹን ዓርማ የያዘ ጋሻ ተሸክሞ ይታያል። ዙሪያው ላይ የንግሥቲቱ የኦስትሪያ፣ የቡርጉንዲና የቲሮል ማዕረጎች በአሕጽሮት ተጽፈዋል፤ ከዚያ “1780” የሚለው ይከተላል። ከዓመቱ ቀጥሎ የተጋደመ መስቀል የመሰለ ምልክት አለ። ይህ የላቲን ‘ኤክስ’ የሚመስል ምልክት ከእአአ 1750 በኋላ የጸናውን የብር መጠን ያመለክታል። በጀርባ ላይ ባለሙያዎች በቅድሚያ የሚቆጥሩት የንስሩን የጅራትና የክንፍ ላባዎች ነው። እያንዳንዱ ማተሚያ ቤት የማተሚያ ቅርጹን በራሱ ቀራጭ ስላሠራ፣ የላባዎቹ ቁጥርና ስፋት፣ የፊደላቱ ውፍረትና በነጥቦቹ መካከል ያለው ርቀት ይለያያል።

ጠርዙ ብዙ ሰው የማያየው፣ ነገር ግን ብዙ የሚናገረው ክፍል ነው። በዙሪያው “ዩስቲቲያ ኤት ክሌመንቲያ” የሚል ጎላ ብሎ የወጣ የላቲን ጽሑፍ፣ በመካከሉም ጌጣጌጥ አለ። ትርጉሙ “በፍትሕና በምሕረት” የሚል የንግሥቲቱ መሪ ቃል ነው። ጽሑፉ የተቀመጠው ለውበት ብቻ አልነበረም፤ ከብሩ ዳር ጥቂት ሞርዶ የሚሰርቅ ሰው ጽሑፉን ስለሚያበላሽ ወዲያው ይታወቅበታል።

ከሮም እስከ ቦምቤይ፦ የ1935ቱ መዞሪያ

የማርያ ትሬዛን መለየት ይበልጥ ያወሳሰበው የጣልያን ወረራ ዝግጅት ነው። ሙሶሊኒ በኢትዮጵያ ላይ ለሚከፍተው ጦርነት ሕዝቡ የሚቀበለው ገንዘብ ያስፈልገው ስለነበር፣ እአአ በ1935 ከኦስትሪያ ጋር ተዋውሎ ለ25 ዓመታት የማተም መብትና የማተሚያ ቅርጾችን ወደ ሮም አስመጣ።

ብሪታኒያ፣ ፈረንሳይና ቤልጅየም በቀይ ባሕር አካባቢ ያለው ንግዳቸው በጣልያን እጅ እንዲወድቅ አልፈለጉም። ከቪዬና ማዘዝ ስላልቻሉ ለንደን፣ ፓሪስና ብራስልስ ውስጥ የራሳቸውን ማርያ ትሬዛ ማተም ጀመሩ። ሕንድ ውስጥ የምትገኘው ቦምቤይ እአአ በ1940 እና በ1941 አተመች፤ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላም የበርሚንግሃም ከተማ ተጨመረች። ሁሉም “1780” የሚለውን፣ ‘ኤስ’ እና ‘ኤፍ’ን፣ የመበለቲቱን መሸፈኛና ንስሩን ይዘዋል። ሐሰተኛ ናቸው ማለትም አይቻልም፤ የብር መጠናቸው የተጠበቀ፣ በመንግሥት ማተሚያ ቤቶች የተሠሩ ናቸውና።

የቦምቤይ እትም ከገዳሪፍ አካባቢ ታሪክ ጋር በቀጥታ ይያያዛል። እአአ በነሐሴ 1940 በኮሎኔል ዳንኤል ሳንድፎርድ የተመራው ‘ሚሽን 101’ ከገዳሪፍ በስተ ደቡብ ከምትገኘው ዶካ ተነስቶ ድንበር በመሻገር የጎጃም አርበኞችን ለማግኘት ገሠገሠ። በዚያው ዓመት ኅዳር የእንግሊዝ ጦር ገላባትን ለማስለቀቅ ተዋጋ። እአአ ጥር 20 ቀን 1941 ደግሞ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በኦሜድላ በኩል ወደ አገራቸው ገቡ። በዚህ ዘመቻ እህልና የጭነት እንስሳ ለመግዛት የወረቀት ገንዘብ ዋጋ አልነበረውም፤ ገበሬው የሚያውቀው ጠገራውን ነበር። በድንበሩ ግራና ቀኝ የምትገኝ ‘የአያት ብር’ ስለዚህ የዚያ ጦርነት ትሩፋት ልትሆን የምትችልበት ዕድል ሰፊ ነው።

የጣልያን የ25 ዓመት መብት ሲያበቃ፣ በ1960ዎቹ መጀመሪያ ሌሎቹ አገሮች ማተም አቁመው ሥራው ወደ ቪዬና ተመለሰ። የኦስትሪያ ማተሚያ ቤት እስከ ዛሬም ለሰብሳቢዎችና ብር ለሚያጠራቅሙ ሰዎች ያትማታል። እንከን የለሽ፣ እንደ መስታወት የምታብለጨልጭና ጭረት ያልነካት ማርያ ትሬዛ ካጋጠመች በመጀመሪያ የሚጠረጠረው ይህ የቅርብ ጊዜ እትም ነው።

በፎቶግራፍ ብቻ ‘ይህች የለንደን ናት፤ ይህች የሮም ናት’ ብሎ መደምደም ግን አደገኛ ነው። ልዩነቶቹ የሚነበቡት ሉል፣ ላባ፣ ፊደልና ጠርዝ በአንድነት ከታወቁ ናሙናዎች ጋር ሲነጻጸሩ ነው። አንዱ ምልክት ብቻውን አይበቃም።

መሳይ ሆነው የሚሸጡት

በአካባቢው ገበያ ከማርያ ትሬዛ ጋር የሚቀላቀሉ፣ የራሳቸው ታሪክና ዋጋ ያላቸው ሌሎች ብሮች አሉ።

አንደኛው ጣልያን እአአ በ1918 ለኤርትራ ያሳተመችው ‘ታሌሮ’ ነው። ሆን ተብሎ ማርያ ትሬዛን እንዲመስል ተደርጎ የተሠራ ሲሆን፣ ከሩቅ ለሚያየው ያው የሴት መልክና ንስር ነው። ቀርበው ሲያዩት ግን ዓመቱ 1918 ነው፤ ጽሑፉም የጣልያንን መንግሥት ይጠራል። ሕዝቡ የለመደው መልክ ስላልሆነ ገበያው አልተቀበለውም፤ ዛሬ ግን ሰብሳቢዎች ይፈልጉታል።

ሁለተኛው የዳግማዊ ምኒልክ ብር ነው። ፊቱ ላይ የንጉሠ ነገሥቱ መልክ፣ ጀርባው ላይ ዘውድ የጫነና ሰንደቅ ዓላማ የያዘ አንበሳ አለ፤ ጽሑፉ ሁሉ በግዕዝ ፊደል ነው። የመጀመሪያው እትም ፓሪስ ውስጥ ስለተሠራ፣ የፓሪስ ማተሚያ ቤት መለያ የሆነችው ‘ኤ’ የምትባል ትንሽ የላቲን ፊደል ትታይበታለች። ዓመቱ በግዕዝ ቁጥር በኢትዮጵያ አቆጣጠር የተጻፈ ስለሆነ ፲፰፻፹፯ የሚለው እአአ ከ1894 እስከ 1895 ካለው ጊዜ ጋር ይገጥማል። በአንዳንዶቹ እትሞች ላይ አንበሳው የግራ፣ በሌሎቹ ላይ የቀኝ የፊት እግሩን አንስቶ ይታያል፤ ይህም እትሞቹን ለመለየት ያገለግላል። የብሩ ክብደትና ጥራት ከማርያ ትሬዛ ጋር እንዲቀራረብ የተደረገው ሕዝቡ እንዲቀበለው ነበር። ሆኖም ጠገራዋን ከገበያ ሳያስወጣ ቀርቷል፤ እሷን በይፋ የተካት እአአ በ1945 የወጣው የኢትዮጵያ ዶላር ነው።

ሦስተኛው በኦምዱርማን የታተመው የማህዲስቶች ገንዘብ ነው። ካርቱም እአአ በጥር 1885 ከወደቀች በኋላ ማህዲው፣ ከእሱም በኋላ ኸሊፋ አብዱላሂ በዐረብኛ ጽሑፍ ያጌጡ ብሮች አሳትመዋል። በኸሊፋው ዘመን እየቆየ የመዳቡ መጠን እየጨመረ፣ የብሩ እየሳሳ ሄደ፤ የመጨረሻዎቹ መዳብ ላይ ስስ ብር የተለበጠባቸው ናቸው። እነዚህ በብር ሚዛን ሲታዩ ርካሽ ቢሆኑም ለታሪክ ያላቸው ዋጋ ከፍ ያለ ነው። ስለዚህ ‘ቀይ ስለሆነ ሐሰተኛ ነው’ ብሎ መጣል ትልቅ ስሕተት ሊሆን ይችላል።

ሐሰተኛዋን መለየት

እውነተኛ ማርያ ትሬዛ በየትም ትታተም ክብደቷ 28.07 ግራም ገደማ፣ ስፋቷ ወደ 40 ሚሊ ሜትር ነው። ከሺህ 833 እጁ ንጹሕ ብር፣ ቀሪው መዳብ ነው፤ በውስጧ ያለው ንጹሕ ብር 23.39 ግራም ይሆናል። ብዙ የተገለገሉባት ብር ጥቂት ልትቀንስ ትችላለች። ከሁለት ግራም በላይ ልዩነት ያላት ግን ጥርጣሬን ትጋብዛለች።

ክብደቷ ከተስማማ ሁለተኛው ፈተና በውሃ ነው። ውሃ ያለበት ብርጭቆ ሚዛን ላይ ተቀምጦ ሚዛኑ ወደ ዜሮ ይመለሳል። ብሯ በቀጭን ክር ታስራ፣ የብርጭቆውን ታችና ጎን ሳትነካ ሙሉ በሙሉ ውሃው ውስጥ ትንጠለጠላለች። ሚዛኑ 2.75 ግራም ገደማ ካሳየ የብርና የመዳቡ ቅልቅል ትክክል ነው። ከ3 ግራም በላይ ካሳየ መዳብ ወይም ነሐስ የበዛበት ነው። ይህ ፈተና ብሯን አይጎዳም።

ማግኔት የሚስባት መሐለቅ ብር አይደለችም። የማይስባት ሁሉ ግን ብር ናት ማለት አይቻልም፤ መዳብና እርሳስም በማግኔት አይሳቡምና። በአፍንጫ፣ በጉንጭና በንስሩ ደረት ላይ፣ ማለትም ቶሎ በሚያልቁት ከፍታ ቦታዎች፣ ቀላ ያለ ወይም ቢጫ መልክ ከታየ ከሥር ያለው ሌላ ማዕድን ነው። በቅርጽ ውስጥ ፈስሳ የተሠራች ሐሰተኛ ደግሞ በማጉያ ስትታይ የአየር ቀዳዳዎች፣ የደበዘዙ ፊደላትና በጠርዟ ዙሪያ የመጋጠሚያ መስመር ይኖራታል። የጠርዙ ጽሑፍ ጨርሶ ከሌለ ወይም በመስመር ብቻ ከተተካ ነገሩ ያበቃል።

አሲድ ማንጠብጠብ የተለመደ የአንጥረኞች መፈተኛ ቢሆንም ጠባሳ ይተዋል። ሌላ አማራጭ እያለ ወደ እሱ መሄድ አያስፈልግም።

ጌጥ የሆኑትና ተጨማሪ ማኅተም ያለባቸው

በምሥራቅ ሱዳን በራሻይዳና በቤጃ ማኅበረሰቦች፣ በኢትዮጵያም በበርካታ አካባቢዎች ጠገራ ብር የሴቶች ጌጥ ሆና ቆይታለች። ቀለበት ተበይዶባት በአንገት ትንጠለጠላለች፤ ቀልጣም አምባር፣ ድሪና መስቀል ሆናለች። የተበየደባት ብር ለመሐለቅ ሰብሳቢ ዋጋዋ ይቀንሳል፤ በሚዛንም የብየዳው ማዕድን ስለሚጨመር የክብደትና የውሃ ፈተናዎቹ ያሳስታሉ። በአንጻሩ ሙሉ የአንገት ጌጥ እንዳለ ሆኖ ከሠሪው አካባቢና ከባለቤቱ ታሪክ ጋር ሲያዝ፣ መሐለቆቹ ተነጥለው ከሚያወጡት የበለጠ ዋጋ ሊኖረው ይችላል። ‘ብሩን ለይቼ ልግዛ’ የሚል ገዢ ሲመጣ ይህን ማስታወስ ይገባል።

በቀይ ባሕርና በሕንድ ውቅያኖስ ዳርቻዎች አንዳንድ መንግሥታት በማርያ ትሬዛ ላይ የራሳቸውን ትንሽ ማኅተም ይመቱ ነበር፤ የሒጃዝና የሞዛምቢክ ማኅተሞች ይታወቃሉ። እንዲህ ያለው ተጨማሪ ምልክት ዋጋን ስለሚያንር በኋላ ጊዜ በተራ ብር ላይ የተመቱ የውሸት ማኅተሞች በዝተዋል። ስለዚህ ማኅተም ያለባትን ብር ባለሙያ ሳያይ መግዛትም መሸጥም አይመከርም።

ዋጋዋን ማን ይወስናል?

አብዛኞቹ ማርያ ትሬዛዎች የሚሸጡት በያዙት ንጹሕ ብር ልክ ነው። 23.39 ግራም 0.752 ትሮይ አውንስ ይሆናል። ሻጩ የዕለቱን የዓለም የአንድ አውንስ ብር ዋጋ አውቆ በ0.752 ቢያባዛ መነሻውን ያገኛል። ለምሳሌ አንድ አውንስ 40 ዶላር ቢሆን በአንዲት ጠገራ ውስጥ ያለው ብር 30 ዶላር ገደማ ያወጣል። ነጋዴ ትርፉን መቀነሱ ያለ ነው፤ የዚህን ግማሽ የሚያቀርብ ገዢ ግን የሻጩን አለማወቅ ወይም ችግር እየገዛ ነው።

ከብሩ ዋጋ በላይ የሚያወጡት ጥቂቶቹ ናቸው፦ በንግሥቲቱ ሕይወት ዘመን ወይም ከሞተች በኋላ ባሉት ቅርብ ዓመታት የታተሙት፣ የተለየ የሹማምንት ፊደል ያለባቸው፣ እምብዛም የማይገኝ የሉልና የላባ ቅንብር የያዙት። እነዚህን ለማወቅ ከመሸጥ በፊት የፊቱን፣ የጀርባውንና የጠርዙን ጥርት ያለ ፎቶግራፍ አንስቶ ከአንድ በላይ ለሆኑ ባለሙያዎች ማሳየት ይጠቅማል። ብሩን በአመድ፣ በሎሚ ወይም በጥርስ ሳሙና ማሸት ግን ፈጽሞ አይገባም፤ ዘመን ያለበሰውን መልክ ገፎ ጭረት ይተዋል፤ ሰብሳቢም ዋጋ ይቀንስበታል። የቤከር ዘመን የገዳሪፍ ነጋዴዎች ያደፈውን ብር መምረጣቸው በዛሬው ሰብሳቢ ዘንድም ትክክል ሆኖ ተገኝቷል።

ድንበር ለሚሻገሩ ሰዎች ሕጉም መታወቅ አለበት። በኢትዮጵያ የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስ ያለ ፈቃድ ከአገር እንዳይወጣ ይከለክላል። ሱዳንም ጥንታዊ ቅርሶችን የሚጠብቅ የ1999 ሕግ አላት። የካርቱሙ ብሔራዊ ሙዚየም በጦርነቱ ከተዘረፈ ወዲህ ደግሞ ከሱዳን የሚወጡ ጥንታዊ ዕቃዎች ላይ ያለው ጥርጣሬ ጨምሯል። የቤተሰብ ጌጥ ይዞ የሚጓዝ ሰው ከመነሳቱ በፊት የሚመለከተውን መሥሪያ ቤት ቢጠይቅ፣ ጌጡ ሲለበስ የሚያሳይ የቆየ የቤተሰብ ፎቶግራፍ ካለም አብሮ ቢይዝ ባለቤትነቱን ለማስረዳት ይረዳዋል።

በሳጥን ውስጥ ያለች ጠገራ ብር እንግዲህ በአምስት ጥያቄዎች ትመረመራለች፦ ክብደቷ ስንት ነው? ጠርዟ ላይ ጽሑፍ አለ? ከደረቷ በታች ያሉት ፊደላት የትኞቹ ናቸው? የትከሻዋ ጌጥ ስንት ሉል አለው? የንስሩ ላባዎች እንዴት ተደርድረዋል? የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ እውነተኛ መሆኗን፣ የቀሩት ሦስቱ የት እንደተሠራች ይመሰክራሉ። “1780” የሚለውን ግን ሁሉም ይዘውታል።